«ልጄ ዴቪድ» ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ፦ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ሥራው ይሄ ነው። አንድ የቆየ የስኮትላንድ ባላድ ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ ማቀናበር። ባላድ ማለት እዚህ አገር ታሪክ የሚተርክ ዘፈን ነው። ዘፋኟ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ጡረታ የወጡ የአበርዲንሻየር መምህርት ናቸው። የሚቀርበው እዚሁ ኤዲንብራ፣ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነው። ፒያኖው ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ዓይነት ነው። አጃቢውም አቀናባሪውም እኔ ነኝ።

ዘፈኑን የመረጡት እሳቸው ናቸው። እኔ «ኤድዋርድ» በሚለው ስሙ አውቀዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ ዴቪድ» ይሉታል። እናት ልጇን ትጠይቃለች፦ ሰይፍህ ላይ ያለው ደም የምንድነው? የፈረሴ ነው ይላታል። አታምነውም። የውሻዬ ነው ይላል። አሁንም አታምነውም። በመጨረሻ የወንድሜ ነው ይላል። ከዚያ ወዴት ልትሄድ ነው፣ መቼስ ትመለሳለህ ነው ጥያቄው። ግድያውን አናይም፣ ምክንያቱም በቅጡ አይነገረንም። እናትና ልጅ ቆመው ይነጋገራሉ፣ በቃ።

ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ የተባለው የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ከ1882 እስከ 1898 ባሳተመው ስብስብ ውስጥ 305 ባላዶች አሉ። ይሄኛው ቁጥር 13 ነው። የሙያው ሰዎች ዘፈኑን በስሙ ከመጥራት ይልቅ «ቻይልድ 13» ማለት ይቀናቸዋል፤ የእስረኛ ቁጥር ይመስላል።

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ፒያኖ አልተነካም። ግጥም ስንመርጥ ዋልን።

በመጽሐፍ የገነነው ቅጂ ቶማስ ፐርሲ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ1765 ያሳተመው ነው። ግጥሙን የላከለት ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ዳልሪምፕል፣ ኋላ ሎርድ ሄይልስ የተባለው የሕግ ሰው ነው። እዚያ ውስጥ የተገደለው ወንድም ሳይሆን አባት ነው። ሰባት አንጓ አለው። በመጨረሻው አንጓ እናትየው «ለእኔስ ምን ትተውልኛለህ?» ትላለች። ልጁ የገሃነም እርግማን ይተውላታል፤ ይህን የመከርሽኝ አንቺ ነሽ ይላታል። ያን ሁሉ ስትጠይቅ የቆየችው ሴት ለካ ነገሩን ከሥሩ ታውቀው ኖሯል።

አንባቢን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ አልክድም። ጀርመናዊው ጸሐፊ ሄርደር በ1773 በጀርመንኛ አወጣው። ከዚያ የሙዚቃ ሰዎች ተረባረቡበት። ካርል ሎዌ በ1818 ለድምፅና ለፒያኖ ሠራው፤ ኦፐስ 1 (የሥራ ቁጥር አንድ) ብሎ ከሰየማቸው ሥራዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። ሹበርት በ1827 ሞከረው። ብራምስ በ1854 ዘፋኙን ጭራሽ አስወጥቶ ለፒያኖ ብቻ ጻፈው። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ለአልቶና ለቴኖር አደረገው። ቻይኮቭስኪም በ1880 በሩሲያኛ ግጥም ለሁለት ድምፅ ሠርቶታል።

ሁሉንም በተራ ሰማሁ። የሎዌ ነገር ያስደነግጣል። ወጣት ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ፒያኖው ገና ከመጀመሪያው አንድ ጉድ እንዳለ ይናገራል። ልጁ አፉን ሳይከፍት ፒያኖው አጋልጦት ቁጭ ይላል! ሌሎቹም ቢሆኑ ጉዳዩን ያወቁት ከወረቀት ነው። ፐርሲ ሲያሳትመው ዜማ አልነበረውም፣ ስለዚህ ዜማውን ራሳቸው ፈጠሩ። ሲፈጥሩም ቲያትር አደረጉት።

የፐርሲ ግጥም ራሱ የተማረ ሰው እጅ ሳይነካው አልቀረም የሚሉ አሉ። የቻይልድን ባላዶች ዜማ በአራት ትልልቅ ጥራዞች የሰበሰበው በርትራንድ ብሮንሰን አንዱ ነው። ይህን ለዘፋኟ ስነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም። «ያ የመጽሐፍ ነው» አሉ። «እኛ ቤት የሚዘፈነው ሌላ ነው።» ክርክሩ እዚያው አለቀ። የሚዘፈነውን ያዝን።

ሐሙስ

ጂኒ ሮበርትሰንን ሳዳምጥ አመሸሁ።

የአበርዲን ሴት ናት፤ «ተጓዦች» ከሚባሉት፣ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ይኖሩ ከነበሩት ወገኖች። በ1908 ተወልዳ በ1975 አረፈች። የባህል ዘፈን ሰብሳቢው ሃሚሽ ሄንደርሰን ያገኛት በ1953 ነው። ሄንደርሰን የሚሠራበት የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1951 ስለሆነ፣ ገና ቴፕ ይዘው በየመንደሩ መዞር የጀመሩበት ሰሞን ነበር። ምሁራኑ በመጽሐፍ የሚያውቋቸውን ታሪኮች እሷ ከእናቷ የወረሰቻቸው ዘፈኖች አድርጋ ቤቷ ቁጭ ብላ ትዘፍናቸዋለች። ዛሬ ከዚያ ዘመን ቅጂዎች ብዙዎቹ «ቶባር አን ዱአልቻስ» በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይደመጣሉ። ሌሊቱን ይበላል፣ ተጠንቀቁ።

የእሷን «ልጄ ዴቪድ» ስሰማ የገባኝ ነገር አለ። ጥድፊያ የለም። ለእናትየው አንድ ድምፅ፣ ለልጁ ሌላ ድምፅ የለም። የፈረሱ መልስ በመጣበት ዜማ የወንድምየውም መልስ ይመጣል። እርግማንም የለም። ልጁ ታች በሌላት ጀልባ እሄዳለሁ ይላል፤ የምመለሰውም ፀሐይና ጨረቃ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ሲገናኙ ነው ይላል። እናትየው ጥፋተኛ ትሁን አትሁን ማንም አይነግረንም።

ለራሴ አንድ ነገር ጻፍኩ፦ ዘፋኟ የማትናገረውን ፒያኖው እንዳይናገር።

ቅዳሜ፣ እሳቸው ቤት

ዜማውን ከአፋቸው ጻፍኩ። የሚዘፍኑት ከአክስታቸው የተማሩትን ነው። ከጂኒ ብዙ ባይርቅም የራሱ መታጠፊያዎች አሉት። ባላዱ የሕዝብ ነው፣ የጂኒ ቅጂ ግን የጂኒ ነው። ስለዚህ የእሳቸውን መያዙ በሁሉም በኩል ይሻላል።

ድምፃቸው ከመሃል በታች ነው የሚያምረው። ዜማው ሬ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ጻፍኩት። ከዚያ በላይ ሲወጣ ይጠብባቸዋል፣ ከዚያ በታች ደግሞ ቃሉ ይጠፋል።

ጣጣው ምቱ ነው። ምት የለውም ማለት ይቀላል። በሦስት ልቁጠረው ብዬ ጀመርኩ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ፈረሰ። በአራት ብዬ ሞከርኩ፣ እሱም ያው። አንድን ቃል ዛሬ ያረዝሙታል፣ በሚቀጥለው አንጓ ያሳጥሩታል። «የቱ ነው ትክክሉ?» አልኳቸው። «ቃሉ እንደፈለገ» አሉኝ። ሰው ሲያወራ ማን በቆጣሪ ያወራል?

ስለዚህ ምቱን የሚከፍለውን፣ ባር የሚባለውን መስመር በሙሉ አነሳሁት። ኖታዎቹ ጅራት የላቸውም፤ ክፍት ክብ ረጅም፣ ጥቁር ክብ አጭር ማለት ነው። የትንፋሽ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ሰረዝ አለች። ፒያኖው የሚገባበት ቦታ ከቃሉ በላይ በቀስት ተመልክቷል። ወረቀቱን ላየው ሰው ግማሹ የተረሳ ይመስላል።

እየጻፍኩ ሳለ የስኮትላንዳዊው ባለቅኔ የጄምስ ሆግ እናት ትዝ አሉኝ። ማርጋሬት ሌይድሎ ይባላሉ። ደራሲው ዋልተር ስኮት ባላዶችን ሰብስቦ ከ1802 ጀምሮ ሲያሳትም ከእሳቸው የሰማውንም አስገብቶ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ልጃቸው አነጋገር ስኮትን ፊት ለፊት ገሠጹት፦ እነዚህ ለመዘፈን እንጂ ለመነበብ የተሠሩ አልነበሩም፣ ድግምቱን አፈረስከው፣ ደግሞም በትክክል አልተጻፉም። እርሳሴን ይዤ ያን ማሰብ አይመችም። ግን ጻፍኩ። አጃቢ ያለ ወረቀት የት ይደርሳል?

እሑድ

ግራ እጅ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ቀላል ነበር። ታች ሬና ላን አንድ ላይ መትቶ መያዝ። ድምፁ ሲደክም እንደገና መምታት። ኮርዱ ውስጥ፣ ማለትም አብረው ከሚመቱት ኖታዎች መካከል፣ ሦስተኛዋ ኖታ የለችም፤ ፋም የለም፣ ፋ ሻርፕም የለም። ይህ ስንፍና አይደለም። ፋ ካስገባሁ ዘፈኑ ማይነር ነው ብዬ ፈረድኩ ማለት ነው። ፋ ሻርፕ ካስገባሁ ሜጀር። እሳቸው ደግሞ ያቺን ኖታ አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ፣ አንዳንዴም በሁለቱ መካከል ያደርጓታል። በባህል ዘፋኞች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው፤ የእኛም የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ሸርተት አድርጎ ያደርገዋል። ፒያኖ አይችልም። ቁልፉ አንድ ድምፅ ነው ያለው፣ ልመናም አይሰማም። ስለዚህ ፒያኖው ያቺን ኖታ ለእሳቸው ትቶ ዝም ማለት አለበት።

ቀኝ እጅ ዜማውን መከተል የለበትም። ከተከተለ ማሰሪያ ይሆንባቸዋል። መልሱ መጨረሻ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ኖታ ብቻ አስቀመጥኩ፣ እሳቸው ትንፋሽ ሲወስዱ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ነገር ሄድኩ። ግራ እጄን ስሰማው በገና ይመስለኝ ጀመር። በገና ላይ ጣቶቹ አንድ ነገር ይደጋግማሉ፣ ድምፁ ከላይ እንደ ንግግር ይሄዳል፣ አጃቢው ለቃሉ ስሜት አይቸኩልም። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። የበገናን እዝዝታ የሚያመጣው እንዝራ ነው፤ ከአውታሩ ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ። ታዲያ ፒያኖ ላይስ? የታችኛውን ክዳን ከፍቼ ቀጭን ወረቀት ከወፍራሞቹ አውታሮች ጋር አስነካሁት። ሰራ! እዝዝ አለ። ደስ አለኝ። ቀርጬ ለዘፋኟ ላክሁ።

መልሳቸው፦ «ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግን ምንድነው የሚንጣጣው? ፒያኖህ ታሟል?»

ወረቀቱ ወጣ። ድግግሞሹ ግን ቀርቷል።

ረቡዕ

መግቢያ ይኑረው አይኑረው በሚለው ቀኑ አለቀ።

ኤዲንብራ ውስጥ ይህን ጥያቄ አንስቶ ጆርጅ ቶምሰንን አለማሰብ አይቻልም። በሙያው የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፣ በፍቅሩ አሳታሚ። የስኮትላንድን ዜማዎች ወደ ውጭ አገር እየላከ አቀናባሪዎቹን ሃይድንን፣ ፕሌየልን፣ ኮዜሉክን፣ ቤትሆቨንን አሠርቷል። ለእያንዳንዱ ዘፈን መግቢያና መውጫ እንዲጻፍለት ይፈልግ ነበር፤ ከፒያኖው ጋርም ቫዮሊንና ቼሎ። ለቤትሆቨን ብዙ ጊዜ ዜማው ያለ ግጥም ነበር የሚደርሰው፤ ሰውየው ቃሉን ላኩልኝ እያለ ይጠይቅ ነበር። ቶምሰን በበኩሉ የፒያኖው ክፍል ለአገሬ ወይዛዝርት ይከብዳል፣ አቅልልልኝ ይለዋል። ቤትሆቨን መነካካቱን አይወድም። ሆኖም 25ቱ የስኮትላንድ ዘፈኖች፣ ኦፐስ 108፣ በ1818 ወጡ። ሎዌ «ኤድዋርድ»ን የጻፈበት ዓመት መሆኑ ነው።

ቤትሆቨን የሠራቸው አንዳንዶቹ በጣም ያምራሉ። ግን መግቢያቸው ሳሎን ውስጥ ያስቀምጥሃል። ወንበሩ ተስተካክሏል፣ ሻማው በርቷል፣ አሁን ደግሞ አንድ ዘፈን። የእኛ እናት ደግሞ ደም አይታ በር ላይ ቆማለች።

አራት ዓይነት መግቢያ ጻፍኩና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። አንደኛው ቆንጆ ነበር፣ ለዚህም ነው መጀመሪያ የተጣለው። የቀረው ይሄ ነው፦ ታች ሬ አንድ ጊዜ፣ ለብቻዋ። ዘፋኟ ድምፃቸውን ከእሷ ይወስዳሉ፣ ይጀምራሉ። ከላ ጋር የምትጣመረው ልጁ መጀመሪያ ሲመልስ ነው።

ዓርብ፣ ልምምድ

ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሞከርነው።

አንድ የተግባር ነገር፦ እሳቸው ሲዝናኑ የአገራቸው አፍ ይመጣል። በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ «ምን» የሚለውን ጥያቄ በ«ፍ» ድምፅ ነው የሚጀምሩት። የእናትየው ጥያቄ ደግሞ የሚከፈተው በዚያው ቃል ነው። «ፍ» አየር ነው፣ ቃና የለውም። እኔ ከንፈራቸው ሲነካካ አይቼ ቁልፉን ከመታሁ ፒያኖው ይቀድማል። አናባቢው እስኪመጣ መጠበቅ አለብኝ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ የእናትየው አንጓ ላይ ይመለሳል። ወረቀቴ ላይ ቀስቱን ከመጀመሪያው ፊደል አንስቼ አናባቢው ላይ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ገጠመ።

ከዚያ ክርክር መጣ። ልጁ «የወንድሜ ደም ነው» የሚልበት ቦታ ላይ ግራ እጄን አንድ ኦክታቭ አውርጄ ከበድ አድርጌው ነበር። ብዙ አይደለም። እሳቸው ዘፈናቸውን አቆሙ።

«ምን አደረግክ?»

«ትንሽ አጠቆርኩት።»

«ለምን? ሰዎቹ ጆሮ አላቸው እኮ። ወንድሜን ብያለሁ። ሰምተዋል።»

ኦክታቩን አንስቼ እንደ ፈረሱ አንጓ፣ ልክ እንደዚያው አጀብኳቸው። ያው ሬ፣ ያው ላ፣ ያው ጉልበት። ጀርባዬ ላይ ቅዝቃዜ ወረደ። ስለ ፈረስ ያወራ የነበረው ፒያኖ ስለ ወንድምም ያንኑ ያወራል። ከሎዌ ነጎድጓድ ይልቅ ይሄ ያስፈራኛል። በራሴ እጅ ለራሴ የጻፍኳትን ማስታወሻ እሳቸው ሳያዩዋት አስከበሩልኝ።

ብራምስ ይህን ሰዓት ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብዬ ሳልጠይቅ አላለፍኩም። ያደረገው ይታወቃል፣ የፒያኖው ቁራጭ መሃሉ ላይ ሲያብጥ ቤቱን ይሞላዋል። ይሁን፣ እሱ ዘፋኝ አልነበረውም።

ሰኞ

ጀልባዋ።

ልጁ ታች በሌላት ጀልባ እሄዳለሁ ይላል። ወለል የላትም፤ ሞቱን በፈቃዱ እየተናገረ ነው። ግራ እጄ ከመጀመሪያ ጀምሮ ያንን ሬ ይዞ ቆይቷል። ዛሬ ጠዋት ሻይ እያፈላሁ ሳለ መጣልኝ፦ ጀልባዋ ታች ከሌላት ፒያኖውም ታች አይኑረው። ግራ እጅ ከዚያ አንጓ ጀምሮ ይነሳ። የምትቀረው ከመሃል በላይ ያለችው ላ ብቻ ትሁን።

ብልጣብልጥነት ይሸታል፣ አውቃለሁ። በቃሉ ላይ ሥዕል መሳል ነው፤ ዓርብ የተከለከልኩት ዓይነት። ልዩነቱ ይሄኛው መጨመር ሳይሆን መቀነስ መሆኑ ነው። ሞከርነው። እሳቸው ምንም አላሉም፤ ከእሳቸው ዘንድ ምንም አለማለት ምስጋና ነው።

ግን ችግር መጣ። ባሱ ሲነሳ ድምፃቸው ቀስ ብሎ ይወርዳል። በጣም ጥቂት ነው፣ ብቻቸውን ቢዘፍኑ ማንም አያውቅባቸውም። ያለ መሣሪያ የሚዘፍን ሰው ሁሉ ትንሽ ይወጣል ወይ ይወርዳል። እኔ ግን መጨረሻው ላይ ሬን ልመልሳት አስቤ ነበር፣ ቤቱ እንዲዘጋ። ስመታት እሳቸው ያሉበት ሬና የፒያኖው ሬ ተለያዩ። ጆሮ ላይ ቆሻሻ ነው።

የመጣልኝ የመጀመሪያ መፍትሔ ላን ቶሎ ቶሎ መምታት ነበር፣ እንዲይዙባት። ያዙባት፣ ግን ደወል ሆነ። ሁለተኛው፣ ቀኝ እጅ ዜማውን አብሮ ይሂድ። እሱም ማሰሪያ ሆነ። ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ቀላሉ የታየኝ፦ ሬ ለምን ትመለሳለች? ልጁ አልመለስም እያለ ነው እኮ። ሬ አትመለስም። እናትየው መቼ ትመጣለህ ብላ ስትጠይቅ ላ አንድ ጊዜ ትመታለች፤ ከዚያ ፔዳሉን ይዤ እስክትሞት እተዋታለሁ። የፀሐይና የጨረቃው መልስ ያለ ፒያኖ ይዘፈናል። እሳቸው በፈለጉት ሬ ላይ ይረፉ፣ የሚመዝናቸው ቁልፍ የለም።

መውጫም የለም። ቶምሰን ቢሰማ ገንዘቤን መልስ ይለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ አዳራሹ ውስጥ

ፒያኖውን አየሁት። መሃሉ ደህና ነው። የቀኝ ፔዳሉ ሲለቀቅ ይንቋቋል፣ እኛ ደግሞ ፔዳሉ የሚለቀቅበት ቦታ ሁሉ ጸጥታ ነው። ዘይት ቢጤ ይፈልጋል፤ ቃኚው እስኪመጣ በእግሬ ቀስ ብሎ መልቀቅን እየተለማመድኩ ነው። ላዋ መቆየት የሚገባትን ያህል አትቆይም፣ ከቤቴ ፒያኖ ቀድማ ትሞታለች። ስለዚህ ሁለት ጊዜ እንድትመታ ጻፍኩ። ሁለተኛው ከጥያቄው የመጨረሻ ቃል ጋር ነው፣ በጣም በቀስታ።

ንጹሑን ኖታ ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩት። ፕሮግራሙ ባር የሌለው ሙዚቃ አይወድም፤ በየቦታው የራሱን መስመር ይሰነቅራል። አንድ በአንድ ደበቅኳቸው። ሁሉም ነገር በሁለት ገጽ ገባ፣ ገጽ መግለጥ የለም። በላዩ ላይ «የሕዝብ ዜማ፤ ከዘፋኟ አፍ የተጻፈ» የሚል አለበት፣ ከሥሩ ቅንብር ብሎ የእኔ ስም።

ማታ ላክሁላቸው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደወሉ። ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ መነጽር አያስፈልግም። «አንድ ነገር ብቻ» አሉ። በብርዱ ድምፃቸው ወርዷል፣ እስከዚያም የሚመለስ አይመስላቸውም። «ግማሽ ድምፅ ብታወርድልኝስ?»

ግማሽ ድምፅ ማለት ሬ ፍላት ማለት ነው። አምስት ፍላት፣ ሁለቱም ዋና ኖታዎቼ ጥቁር ቁልፍ ላይ። ነገ ጠዋት አወርደዋለሁ። ቃኚውም ሲመጣ አዲሶቹን ቁልፎች በደንብ እንዲያያቸው መንገር አለብኝ።